ድምፅ፣ ጠመንጃና ሐውልት፦ «ናዚ» የሚለው ክስ በዩክሬን ጦርነት እንዴት ይመዘናል?

ሴፕቴምበር 22 ቀን 2023 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ በካናዳ ፓርላማ በተገኙበት ዕለት፣ አፈ ጉባኤው አንቶኒ ሮታ ሰገነቱ ላይ ወደተቀመጡ የ98 ዓመት አዛውንት ጠቆሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዩክሬን ነጻነት ሩሲያውያንን የተዋጉ ጀግና ናቸው ብለው ሲያስተዋውቋቸው አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በዚያ ጦርነት ሶቪየት ኅብረት የካናዳ አጋር ነበረች። ታዲያ ሩሲያውያንን የተዋጋ ሰው ከማን ጋር ተሰልፎ ነበር? አዛውንቱ ያገለገሉት የናዚ ፓርቲ የጦር ክንፍ በነበረው በዋፈን ኤስኤስ 14ኛ ክፍለ ጦር፣ «ጋሊሺያ» በሚባለው ነበር። ሮታ በአራተኛው ቀን ከሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። (የኢትዮጵያን ቀን በ«ዓ.ም.» ስንጠቅስ ካልሆነ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያጨበጨቡት እንደራሴዎች የሂትለር ወዳጆች አልነበሩም። አብረው የቆሙት ዜሌንስኪ ራሳቸው ዘመዶቻቸው በናዚዎች ያለቁባቸው አይሁዳዊ ናቸው። የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ «ሩሲያን ተዋግቷል» የሚለው ሐረግ ብቻውን የምስክር ወረቀት ሆኖ በመቆጠሩ አንድም ሰው ቀጣዩን ጥያቄ ሳይጠይቅ አለፈ። ፀረ ሩሲያ ስሜትና ቀኝ አክራሪነት የሚነካኩት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ስንፍና በኩል ነው። ተነካኩ ማለት ግን አንድ ናቸው ማለት አይደለም።

በአማርኛ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይም ሁለቱ ጫፎች አሉ። አንደኛው ወገን፣ ሞስኮ እንደምትለው፣ ዩክሬን በናዚዎች እጅ ወድቃለች ይላል። ሁለተኛው ወገን ነገሩ ከሥር እስከ ጫፉ የሞስኮ ፈጠራ ነው ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚመለከቱ ነው። የአክራሪዎችን ጉልበት ለመመዘን ሦስት ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ የምርጫ ሳጥኑን፣ ጠመንጃውንና ሐውልቱን። የዩክሬን ቀኝ አክራሪዎች በመጀመሪያው እጅግ ደካማ፣ በሁለተኛው ከቁጥራቸው በላይ ብርቱ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሐሳባቸው ከድርጅታቸው አልፎ የተስፋፋ ናቸው።

ከሳጥኑ እንጀምር። «ስቮቦዳ» የተባለው ብሔርተኛ ፓርቲ በ2012 የምክር ቤት ምርጫ 10.4 በመቶ ገደማ ድምፅና 37 መቀመጫ አገኘ። ይህ ከዚያ በፊትም በኋላም ያልተደገመ ከፍታ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ድምፅ ከምዕራብ ዩክሬን፣ በተለይ ከጋሊሺያ፣ በወቅቱ ፕሬዚዳንት ቪክቶር ያኑኮቪች ላይ የተሰጠ የቁጣ ድምፅ ነበር። በ2014 ያኑኮቪች ሲሸሹ ፓርቲው በሽግግሩ መንግሥት ጥቂት የሚኒስትርነት ቦታ ያዘ። የሞስኮ ትርክት መነሻው ይህ ነው፤ መነሻውም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሜይ በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የስቮቦዳው መሪ ኦሌህ ትያህኒቦክ 1.16 በመቶ፣ «የቀኝ ዘርፍ» የተባለው ቡድን መሪ ዲሚትሮ ያሮሽ 0.7 በመቶ ብቻ አገኙ። በዚሁ ምርጫ ቫዲም ራቢኖቪች የተባሉ አይሁዳዊ ነጋዴ 2.25 በመቶ አገኙ፤ ከሁለቱ ድምር በላይ መሆኑ ነው። በ2019 ስቮቦዳ፣ የቀኝ ዘርፍ፣ «አዞቭ» የተባለው የበጎ ፈቃደኛ ተዋጊዎች ክፍል ሰዎች ያቋቋሙት «ብሔራዊ ኮር» እና ሌሎችም ባንድ ዝርዝር ተሰልፈው 2.15 በመቶ አገኙ። ፓርላማ ለመግባት 5 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር፣ ከአንድ የምርጫ ክልል በተገኘ አንድ መቀመጫ ብቻ ወጡ። በዚያው ዓመት አይሁዳዊውና በሩሲያኛ አፉን የፈታው ዕጩ ከመራጩ 73 በመቶውን ይዞ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ለንጽጽር ያህል፣ በ2022 ማሪን ለፔን በፈረንሳይ ሁለተኛ ዙር ከ41 በመቶ በላይ፣ በ2024 የኦስትሪያው የነጻነት ፓርቲ ከ28 በመቶ በላይ፣ በ2025 «አማራጭ ለጀርመን» 20.8 በመቶ አግኝተዋል። ቀኝ አክራሪነትን በድምፅ ብቻ የሚለካ ሰው ኪዬቭን ትቶ ቪየናን ቢመረምር ይሻለዋል።

ጠመንጃው ግን ሌላ ታሪክ አለው

በ2014 ጸደይ ሩሲያ ክሪሚያን ስትይዝ የዩክሬን ጦር ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የጊዜው የመከላከያ ሚኒስትር ከ41,000 ያህል እግረኛ ሠራዊት ውስጥ ለውጊያ ዝግጁ የሆነው 6,000 ገደማ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ክፍተቱን የሞሉት በጎ ፈቃደኛ ሻለቆች ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው አስቀድሞ የተደራጀ ነው፤ የተደራጁት ደግሞ የኳስ ቡድን ደጋፊ ማኅበራትና የጎዳና አክራሪዎች ነበሩ። አዞቭ በሜይ 2014 የተመሠረተው አንድሪ ቢሌትስኪ በሚመራቸው ሰዎች ነው። ቢሌትስኪ ከዚያ በፊት «የዩክሬን አርበኛ» የተባለ ዘረኛ ድርጅት መሪ ነበር። ሻለቃው የወሰደው አርማ «ቮልፍስአንግል» ይባላል፤ የኤስኤስ ክፍሎች ሲጠቀሙበት የነበረ ምልክት ነው። ከበስተጀርባውም የናዚው «ጥቁር ፀሐይ» ነበረበት። በሰኔው የማሪዮፖል ውጊያ ዝናን አተረፈ፤ በኖቬምበር 2014 የብሔራዊ ዘብ አካል ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ዘገባዎች ላይም በዝርፊያና እስረኛን በማሠቃየት ስሙ ተነሥቷል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል። መንግሥት የታጠቀን አክራሪ ቡድን ሲያገኝ ሁለት አማራጭ አለው፤ ትጥቅ ማስፈታት ወይም መዋጥ። ኪዬቭ መዋጥን መረጠች። ቢሌትስኪ በ2014 መጨረሻ ለምክር ቤት ተመርጦ ክፍሉን ለቀቀ፤ ፖለቲካው በ2016 ወደተመሠረተው ብሔራዊ ኮር ተዛወረ፤ «ጥቁር ፀሐይ» ከአርማው ላይ ተነሣ፤ ደመወዝና ማዕረግ ከሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መምጣት ጀመረ። ክፍሉ ባደገ ቁጥር ከእምነት ይልቅ ለውጊያ ችሎታው የሚመርጡት ወጣቶች በዙበት። ከ2022ቱ ወረራ በፊት ቁጥሩ በሺህና በሺህ አምስት መቶ አካባቢ ሲገመት፣ መደበኛው የዩክሬን ጦር ከ200,000 በላይ ነበር። ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በሜይ 2022 አዞቭስታል ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ተከብቦ የቀረው ክፍል እጁን ሲሰጥ ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ተማርከዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከ2018 ጀምሮ ለአዞቭ መሣሪያና ሥልጠና እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ በጁን 2024 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የመብት ጥሰት ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ በሩን ከፈተ።

መዋጥ ዋጋ አያስከፍልም ማለት ግን አይደለም። ጠመንጃ የያዘ ጥቂት ሰው የምርጫ ድምፅ ሳይኖረው «አይሆንም» የማለት ኃይል ያገኛል። ኦገስት 31 ቀን 2015 ምክር ቤቱ የምሥራቅ ዩክሬንን ጦርነት ለማቆም የተፈረመውን የሚንስክ ስምምነት ለማስፈጸም የታሰበውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲመክርበት፣ ከውጭ በነበረው የብሔርተኞች ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወርውሮ አራት የብሔራዊ ዘብ አባላት ሞቱ። በኦክቶበር 2019 ዜሌንስኪ ጦር ከግንባር ለማራቅ ምሥራቅ ዩክሬን ወዳለችው ዞሎቴ ከተማ ሲሄዱ ከአዞቭ ጋር ግንኙነት ካላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ጋር ፊት ለፊት ተጨቃጨቁ። ያን ጊዜ መንግሥት አሸነፈ፤ ጦሩ በወሩ መጨረሻ ከዞሎቴ መራቅ ጀመረ። በሌላ ጊዜ ግን ሕጉ ሲያንቀላፋ ታይቷል። በኤፕሪል 2018 «ሲ14» የተባለው ቀኝ አክራሪ ቡድን ኪዬቭ ውስጥ የነበረ የሮማ (በተለምዶ «ጂፕሲ» የሚባሉት) ሕዝብ ሰፈርን አባሮ ድንኳኖቹን ሲያቃጥል ቪዲዮው በየቦታው ታይቶ፣ የተወሰደው እርምጃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የዚህ ጥቃት ሰለባዎች ሩሲያውያን እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። አክራሪዎቹ ጉልበት ያገኙት ሩሲያን በመዋጋት ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን ድሃ ጎረቤት ላይ ነው።

የአንዱ ባንዲራ፣ የሌላው ባንዳ

ስቴፓን ባንዴራ የሚለው ስም ለአማርኛ ጆሮ ባንዲራን ያስታውሳል። ለቪቭ ከተማ ውስጥ በእርግጥም እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ በሞስኮም በዋርሶም ግን ከ«ባንዳ» ብዙ የራቀ ትርጉም የለውም። በ1909 የተወለደው ባንዴራ የዩክሬን ብሔርተኞች ድርጅት በ1940 ለሁለት ሲሰነጠቅ የአክራሪው ክንፍ መሪ ሆነ። ጅብን ለመውጋት አህያን ተጠግቶ እንደሚባለው ሳይሆን፣ ሰዎቹ ጅብን ለመውጋት የተጠጉት ሌላ ጅብ ነበር። ጁን 30 ቀን 1941 ከጀርመን ጦር ጋር ለቪቭ ገብተው ነጻ መንግሥት አወጁ። በዚያው ሰሞን በከተማው አይሁድ ላይ እልቂት ወረደ፤ የድርጅቱ ሚሊሻዎችም እጅ ነበረበት። ጀርመኖች ነጻ መንግሥት የሚባል ነገር አልፈለጉምና ባንዴራን አስረው እስከ 1944 በዛክሰንሃውዘን ካምፕ አቆዩት። በ1943 በቮሊን ከዚያም በምሥራቅ ጋሊሺያ የድርጅቱ የሽምቅ ጦር የፖላንድ ተወላጅ ገበሬዎችን ከነቤተሰባቸው ፈጀ፤ የሟቾቹ ግምት ከ50,000 እስከ 100,000 ይደርሳል። ባንዴራን በ1959 ሙኒክ ውስጥ የገደለው የኬጂቢ ሰላይ ነው።

የዛሬው ዩክሬናዊ ወጣት «ባንዴራ» ሲል በአብዛኛው የሚያየው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሞስኮ የገደለችውን ሰው። በ1932 እና በ1933 በስታሊን ዘመን ሚሊዮኖችን የጨረሰው ረኀብ በየቤቱ ትዝታ ሆኖ ባለበት አገር ይህን መረዳት አይከብድም። መረዳትና ማጽደቅ ግን ይለያያሉ። በ2016 የኪዬቭ «ሞስኮ ጎዳና» «የባንዴራ ጎዳና» ሲባል ውሳኔውን ያሳለፈው አክራሪ ፓርቲ ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሐሳቡ ከድርጅቱ አልፏል ያልነው ለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በ2012 ከሮም ብዙም በማትርቀው አፊሌ የተባለች ከተማ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲቆም፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና የተከተሉት ቀናት አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ተንገፍግፏል። የከተማዋ ባለሥልጣናት ግን የአካባቢያችንን ልጅ አከበርን ነው ያሉት። ፖላንዳውያን በባንዴራ ሐውልት ፊት የሚሰማቸው ይኸው ነው።

ለነገሩ ክሩን የምትፈታልን ፖላንድ ናት። በአውሮፓ እንደ ፖላንድ ሩሲያን የሚጠራጠር አገር ጥቂት ነው፤ ከ2022 ወዲህ ለዩክሬን መሣሪያ የሰጠችውና ስደተኛ የተቀበለችውም በገፍ ነው። ነገር ግን ምክር ቤቷ በጁላይ 2016 የቮሊኑን ጭፍጨፋ «የዘር ማጥፋት» ብሎታል፤ የሟቾችን አፅም አውጥቶ ለመቅበር የተጀመረው ጭቅጭቅም ለዓመታት ቆይቶ በፑዥኒኪ መንደር ቁፋሮ የተጀመረው በኤፕሪል 2025 ነው። ሩሲያን መጥላት ባንዴራን መውደድ ቢሆን ኖሮ ዋርሶ ቀድማ ሐውልት ባቆመችለት ነበር።

ስሜቱ ፖሊሲ ሲሆን

ፀረ ሩሲያ ስሜት በተግባር የሚታየው ከአክራሪዎች ሰልፍ ይልቅ በመሐል መንገደኛ መንግሥታት ሕግ ውስጥ ነው። ላትቪያን እንውሰድ። ነጻነቷን ስትመልስ በሶቪየት ዘመን ለመጡ ሰፋሪዎችና ለልጆቻቸው ዜግነት በቀጥታ አልሰጠችም፤ «ዜጋ ያልሆነ» የሚል የተለየ ፓስፖርት ሰጠቻቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሕዝቡ 29 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ አሁን ከ10 በመቶ በታች ወርደዋል። በ2022 ደግሞ የሩሲያ ዜግነት ያላቸው ነዋሪዎች የላትቪያ ቋንቋ ፈተና እንዲያልፉ ተደነገገ፤ ከነዚህ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ጡረተኞች ይገኙበታል። በኦገስት 2022 ሪጋ ውስጥ 79 ሜትር ከፍታ የነበረው የሶቪየት ድል ሐውልት ፈረሰ። ኢስቶኒያ በማርች 2025 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የሩሲያና የቤላሩስ ዜጎችን ከአካባቢ ምርጫ ድምፅ አስወጣች።

እነዚህን ባንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስሕተት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ሰው የሚጠየቀው ባደረገው ነው ወይስ በተወለደበት? የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በማርች 2022 ሩሲያዊውን የሙዚቃ መሪ ቫለሪ ገርጊየቭን ያሰናበተው ከፑቲን ጋር የነበራቸውን ቅርበት ተከትሎ ወረራውን እንዲያወግዙ ተጠይቀው ዝም ስላሉ ነው፤ አከራካሪ ቢሆንም በድርጊት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያው ወር አንድ የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ በ1881 ስለሞተው ሩሲያዊ ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ሊሰጥ የታሰበ ትምህርት ሲያዘገይና ወዲያው ሲመልሰው ግን፣ ነገሩ ድንጋጤ እንጂ ፖሊሲ አልነበረም። ዊምብልደን በ2022 የሩሲያና የቤላሩስ ቴኒስ ተጫዋቾችን በሙሉ ሲያግድ መለኪያው ፓስፖርት ብቻ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ተወው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የተሠራው ግን ኪዬቭ ውስጥ ነው፤ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2014፣ ያኑኮቪች በሸሹ ማግስት፣ ምክር ቤቱ ለሩሲያኛ የክልል ቋንቋነት የሰጠውን ሕግ ለመሻር ድምፅ ሰጠ። ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት አልፈረሙበትም፤ ሕጉም ያኔ አልተሻረም። ወሬው ግን ክሪሚያና በምሥራቅ ያለው ዶንባስ ደርሶ ነበር፤ የሞስኮ ቴሌቪዥንም ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልጠበቀም።

አሁን ወደ ዋናው ግራ መጋባት እንምጣ። ቀኝ አክራሪነት ሁሉ ፀረ ሩሲያ ቢሆን ኖሮ የምዕራብ አውሮፓ አክራሪዎች ዩክሬንን በደገፉ ነበር። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የለፔን ፓርቲ በ2014 ከአንድ የሩሲያ ባንክ 9.4 ሚሊዮን ዩሮ ተበደረ፤ ከፍሎ የጨረሰው በ2023 ነው። የኦስትሪያው የነጻነት ፓርቲ በዲሴምበር 2016፣ የኢጣሊያው ሌጋ በማርች 2017 ከፑቲን «የተባበረችው ሩሲያ» ፓርቲ ጋር የትብብር ሰነድ ፈርመዋል። በማርች 2015 ሴንት ፒተርስበርግ በተደረገ ጉባኤ ናዚ ዘመም የሆኑት የጀርመኑ ኤንፒዲና የግሪኩ «ወርቃማ ንጋት» ፓርቲዎች ሰዎች ተቀምጠው ስለ ባህላዊ እሴት መክረዋል፤ ዩክሬንን «ከናዚዎች አጸዳለሁ» የምትል አገር እንግዶች መሆናቸው ነው! በአውሮፓ ፓርላማም ከ2024 ምርጫ ወዲህ ቀኙ በሦስት ቡድን (ሲጀምሩ 84፣ 78 እና 25 መቀመጫ ነበራቸው) ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ለመዋሐድ ከሚያግዷቸው ነገሮች አንዱ የፖላንዱ «ሕግና ፍትሕ» እና የኢጣሊያዋ ሜሎኒ ፓርቲ ዩክሬንን ሲደግፉ የሀንጋሪው ኦርባንና የለፔን ሰዎች በሩሲያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ መቃወማቸው ነው።

በጦር ሜዳም ቢሆን ምልክቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ዋግነር የተባለው የሩሲያ ቅጥረኛ ጦር አዛዥ የነበረው ዲሚትሪ ኡትኪን የኤስኤስ ንቅሳት ነበረው። «ሩሲች» የተባለው ቡድን ከ2014 ጀምሮ በሩሲያ በኩል ሲዋጋ መሪው ናዚነቱን አልደበቀም። በ2023 ከዩክሬን ተነሥቶ ብሪያንስክና ቤልጎሮድ የገባውን «የሩሲያ በጎ ፈቃደኞች ኮር» ያቋቋመው ደግሞ ሩሲያዊ ቀኝ አክራሪ ነው። ሩሲያዊ ናዚ ለዩክሬን፣ ሩሲያዊ ናዚ ለሩሲያ።

ስለዚህ ፎቶ ሲደርስዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ዓመቱን ይፈልጉ፤ የ2014 ሥዕል በ2022 ርዕስ መዞሩ እጅግ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ምልክቱን ይለዩ፤ ባለሦስት ጣቱ መንሽ የዩክሬን መንግሥት አርማ ነው፤ ቀይና ጥቁሩ ባንዲራ የባንዴራ ድርጅት እንጂ የናዚ ጀርመን አይደለም፤ ቮልፍስአንግል፣ ጥቁር ፀሐይና የራስ ቅል ግን በቀጥታ ከኤስኤስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከዚያ ምልክቱ የክፍሉ ይፋ አርማ ነው ወይስ አንድ ወታደር በግሉ ገዝቶ የለጠፈው ጨርቅ የሚለውን ያጣሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ሰውየው ማንን ያዝዛል የሚለው ነው፤ ተራ ወታደርና የብርጌድ አዛዥ እኩል አይመዘኑም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ የምናየው ከገለልተኛ ወንበር እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ከዓድዋ ማግስት የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችና የባልቻ ሆስፒታል ትዝታ፣ በደርግ ዘመን የተሰጠው የትምህርት ዕድል፣ በቅርቡም በጸጥታው ምክር ቤት የተገኘው ድጋፍ ልብን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። መንግሥትም በማርች 2022 ወረራውን ባወገዘው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ድምፅ አልሰጠም፤ በኤፕሪል ሩሲያ ከሰብዓዊ መብት ምክር ቤት እንዳትታገድ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። በዚያው ወር አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ ደጅ ለመዝመት የተሰለፉ ወጣቶች ታይተዋል፤ ኤምባሲው ግን ተዋጊ አልመለምልም ብሏል። በጦርነቱ መጀመሪያ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከዩክሬን ሲወጡ በባቡር ጣቢያና በድንበር ላይ በቆዳ ቀለማቸው ወደኋላ መገፋታቸው እውነት ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም ፌብሩዋሪ 28 ቀን አውግዞታል። በ2000ዎቹ ሩሲያ የተማሩ አፍሪካውያን ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው፤ የሂትለር ልደት በሆነው ኤፕሪል 20 ሰሞን ከማደሪያችሁ አትውጡ ይባሉ ነበር።

የ2.15 በመቶው ቁጥር አሁን አርጅቷል። ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮ በዩክሬን የጦርነት ጊዜ አዋጅ ስላለ ምርጫ አልተደረገም። ቢሌትስኪ ከ2025 ጀምሮ የዩክሬን ጦር ሦስተኛ ኮር አዛዥ ነው፤ በ2014 ጥቂት መቶ ሰው ይመራ የነበረው ሰው አሁን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ጦር ከሥሩ አለ፤ አገሬው የሚያውቀውም እንደ ቀድሞው የጎዳና መሪ ሳይሆን እንደ ጦር አዛዥ ነው። አዋጁ ሲነሣ መጀመሪያ መታየት ያለበት በየትኛው ዝርዝር፣ በስንተኛ ተራ፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚቀርብ ነው፤ በራሱ ፓርቲ ከቀረበ 5 በመቶው ይጠብቀዋል፤ ከትልቅ ፓርቲ ዝርዝር ውስጥ ከተሸጎጠ ግን ማንም ድምፁን ለይቶ ሊቆጥረው አይችልም።